አያቴን በሦስት የዘመን አቆጣጠር ስፈልግ

እናቴ የምትኖርበት፣ ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ያለው ቤት እስከ ባለፈው ዓመት በአያቴ ስም ነበር። ካርታውን ወደ ስሟ ለማዛወር ስንነሣ ፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማረጋገጫ ከመስጠቱ በፊት የአያቶቼን ጋብቻ የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቀን። እኛ ዘንድ ግን አንድም ወረቀት አልነበረም። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ250 በላይ ነፍስ ባጠፋበት ሌሊት እኛ በሕይወት ብንተርፍም የሰነዶቹን ሣጥን ውኃ ወስዶታል።

የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት) ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008፣ ጎርፉ በደረሰ ልክ በ10ኛ ዓመቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ስለዚሁ ምዝገባ፣ በዝርዝር ቢደነግግም ድንጋጌዎቹ ሥራ ላይ ሳይውሉ ታግደው ቆይተው፣ ጉዳዩ መልክ የያዘው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። ስለዚህ የአያቶቻችንን ዘመን የሚፈልግ ሰው ሁሉን በአንድ መዝገብ አያገኝም፤ ሰውየው በሕይወቱ የረገጣቸውን ደጆች አንድ በአንድ ማንኳኳት አለበት።

አያቴ በባቡር ኩባንያው ወርክሾፕ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የኩባንያው ጽሕፈት በፈረንሳይኛ፣ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። የቀበሌ ወረቀት በእኛ ዘመን ይጻፋል፤ የቃዲ ፍርድ ቤት መዝገብ ደግሞ በሒጅራ። አንዱን ዓመት በሦስቱም አስልቶ ያልሄደ ሰው መዝገቡ ፊቱ ተዘርግቶ እያለ ሊያልፈው ይችላል።

ከዘመኑ ይልቅ ያደከመን ግን ፊደሉ ነው። በአንድ ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ «ፋይሉ የለም» ተባልሁ። የአያቴን ስም የጠየቅሁት ሐሰን ብዬ ነበር፤ ፋይሉ ግን ሀሰን ተብሎ ከ«ሀ» መደርደሪያ ተቀምጦ ኖሯል። ይህ የታወቀው በአራተኛው ጉዞዬ፣ በር ላይ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱን ማመልከቻ አስጽፌ ካስገባሁ በኋላ ነው። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ፣ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። በቃል ስጠይቅ ያልተፈለገው ፋይል በጽሑፍ ስጠይቅ ተፈለገ፤ ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማመልከቻ ማስጻፍ እንደሚገባቸው የማያውቁ ብዙ አረጋውያን ከዚያው በር ሲመለሱ አይቻለሁ። የግል ጉዳይ የሰፈረበት ሰነድ ለማንም ስለማይሰጥ የእናቴን ውክልናም ይዤ ነበር።

ከዚያ ፋይል የወጡት የቦታ ግብር ደረሰኞችና የቀድሞው የቤት ቁጥር ናቸው። የከተማው ቀበሌዎች ተዋሕደው 9 ሲሆኑ ብዙ አድራሻ ስለተለወጠ የድሮው ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። ጋብቻውን ግን የሚያሳይ አልነበረም።

እርሱን ያገኘነው በቃዲው ፍርድ ቤት ነው። መዝገብ ቤት የተቀመጡት አዛውንት «ልጄ፣ ዓመቱን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። እናቴ በ1948 መወለዷን፣ ኒካው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መታሰሩን ነገርኋቸው። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ አስልተው «1374 ይሆናል» አሉ። የሒጅራው 1374 ከነሐሴ 1946 መጨረሻ እስከ ነሐሴ 1947 አጋማሽ የሚዘልቅ ነው። ጀርባው በጨርቅ የተጠገነ ሰፊ መዝገብ አውጥተው፣ ገጹን በምላሳቸው ሳይሆን በእርጥብ ስፖንጅ ባራሱት ጣት እየገለጡ፣ የዐረብኛውን ጽሑፍ ዝቅ ባለ ድምፅ እያነበቡ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ላይ ቆሙ። የሁለቱ ስም፣ የሁለት ምስክሮች ስም፣ መህሩም፣ ማለትም ለሙሽራዋ የተሰጠው ጥሎሽ፣ 60 ብር።

ፍርድ ቤቱ የተረጋገጠውን ግልባጭ ተቀብሎ ካርታው ዞሯል። እናቴ ግልባጩን ስሰጣት የጠየቀችኝ የምስክሮቹን ስም እንዳነብላት ነበር፤ አንደኛው ከአያቴ ጋር በወርክሾፑ የሠራ ጎረቤታችን ነው። የባቡሩን ፋይል ገና አላገኘሁም። ስሙ በፈረንሳይኛ ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ በወረቀት ዘርዝሬ ይዣለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ።