ግማሽ ጡረታ

አባቴ ካረፈ አራት ወር ሆኖት ነው ነገሩን የሰማነው፤ ያውም ከመሥሪያ ቤት ሳይሆን ከማኅበር ላይ። የእናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ጠላ እየቀዳች «የሰውዬሽን ጡረታ ማን ወሰደው?» አለቻት። የተማርኩት ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር፤ የምመልሰው ግን አልነበረኝም።

አባቴ 30 ዓመት አስተምሮ በ2004 ዓ.ም.፣ በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር። ያን ሌሊት እሱ ሲወጣ ይሠራ የነበረውን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003ን ከስልኬ ላይ አነበብኩ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለሲቪል ሠራተኛ በየዓመቱ 1.25 በመቶ ይጨመር ነበር። ለአባቴ 55 በመቶ ደርሶት ነበር ማለት ነው። ሚስት ደግሞ ባሏ ሲሞት የአበሉን ግማሽ ታገኛለች። እናቴ አታነብም። ብታነብም «የተተኪ አበል» የሚለው ቃል ስለ እሷ የተጻፈ መሆኑን በምን ታውቃለች?

በማግሥቱ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ወሰድኳት። ጉዳዩ የሚታየው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቷን እያሸች፣ በየዕርከኑ እየቆመች ወጣች። ስለ አረጋውያን እንክብካቤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ሳይቀር ተጽፏል፤ ደረጃውን የሠራው ሰው ግን አላነበበውም መሰለኝ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ «እማማ፣ የጋብቻ ማስረጃ ይዘዋል?» አለቻት። እናቴ ሳቀች። ሰማንያዋ በሽማግሌ ፊት ተጽፎ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ምስጥ ከበላው ቆይቷል። «ደርግ ሲገባ ይህን ልጅ አዝዬ ነበር» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች፤ ለእሷ ማስረጃው እኔ ነኝ።

ወረቀት ከሌለ ፍርድ ቤት በምስክር ጋብቻን ሊያረጋግጥ እንደሚችል የነገረችን ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ አይደለችም። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የእህታቸውን ጉዳይ ሲያስጨርሱ ዓመት የተመላለሱ ናቸው፤ የትኛው ወረቀት በስንት ኮፒ እንደሚፈለግ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። ከሚዜዎቹ በሕይወት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ከአዘዞ በባጃጅ አምጥተን ከአንዲት ጎረቤት ጋር መሰከረ። ስለ ጋብቻው ሲጠየቅ የታረደውን በሬ ቀለም ሳይቀር ተናገረ፤ ዳኛው ዝም ብለው አዳመጡት።

ከዚያ ፋይዳ መታወቂያ። ዕድሜዋን እንደ ምንም ገመትን፤ አሻራዋ ግን አልነበብ አለ። ስትፈትል የኖረች እጅ ናት። ጣቷን በውኃ አርሰን፣ ጠርገን፣ ደጋግመን ሞከርን፤ ወጣቱ መዝጋቢ ግን እንዲያው ታጋሽ ነበር፤ አይኗንም በመሣሪያው አንስቶ ጨረሰላት።

የመጀመሪያውን አበል ዛሬ ፒያሳ ከባንክ ተቀበለች። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረችና «ለአንድ ሰውም ለሁለትም ሽሮ የሚፈጀው ከሰል እኮ ያው ነው» አለችኝ። ስንወጣ በሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ወረቀት ታቅፋ ቆማለች። እናቴ ክንዴን ለቀቀችና ወደ እሷ ሄደች። «ሰማንያሽ አለ?» ስትላት ሰማሁ።