ጊት ፑል ላይ እጄን ሰብሰብ ያደረግኩበት ምክንያት

ድሬ የኖረ ያውቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰውም ላፕቶፑም ይዝላል፣ ስለዚ ጭንቅላት የሚፈልግ ስራ በጠዋት ካልጨረስክ በቃ ቀኑ ሄደ ማለት ነው። ያን ቀን ግን ደንበኛችን ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ካላየሁት አለ። ለአንድ የጅምላ ነጋዴ የሽያጭ ሲስተም ነበር የምንሰራው፣ እኔ ከዚራ ሰፈር ሆኜ ጓደኛዬ ደሞ አዲስ አበባ ሆኖ። ኮዱን የምንለዋወጠው በጊት ነው፣ የኮድ ለውጦችን እየመዘገበ በሚያስቀምጠው ፕሮግራም።

ኔትዎርኩ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ ልክ ሲመጣ የጓደኛዬን ስራ ወደኔ ለማምጣት ጊት ፑል አልኩ፣ ኮንፍሊክት፣ ማለትም ጊት የሁለታችንን ለውጥ ራሱ ማዋሃድ አልቻለም። ዋጋ የሚያሰላውን ፋይል ሁለታችንም ነክተነዋል፣ እሱ ማታውን የቫቱን ስሌት አስተካክሎ ፑሽ አድርጓል (ወደ ጋራው ሰርቨር ልኳል)፣ እኔ ደሞ ጠዋት ቅናሹን። የሱ ይቅደም፣ የኔን በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ ጊት ቼክአውት --ዜርስ ("የነሱን ውሰድ" ማለት ነው) አልኩና ቀጠልኩ፣ ፑሽም አደረግኩ፣ ሁሉም ነገር ያለ ምንም ቅሬታ አለፈ። ደንበኛው ፊት የ1,000 ብር እቃ መዝግቤ ደረሰኙ ሲወጣ ጠቅላላ 1,000 ይላል። ቫቱ ተጨምሮ 1,150 መሆን ነበረበት። ሰውየው ዝም ብሎ ስክሪኑን ሲያይ የተሰማኝን ስሜት እስካሁን አልረሳውም።

ግራ ያጋባኝ ደሞ የጓደኛዬ ኮሚት (የመዘገበው ለውጥ) ሎጉ ላይ፣ የለውጦቹ ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ኮዱ ግን የለም! ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። ኮንፊጌ (የጊት ሴቲንጌ) ላይ ፑል.ሪቤዝ ትሩ ብዬ ከድሮ አስቀምጬ ነበር፣ ሰው ጥሩ ነው ስላለኝ ብቻ። ፑል ማለት ሁለት ስራ ነው፣ መጀመሪያ ፌች (ከሰርቨሩ ማውረድ)፣ ከዛ መርጅ (ሁለቱን ስራ ማዋሃድ)፣ ሴቲንጉን ከቀየርከው ደሞ በመርጅ ፈንታ ሪቤዝ። መርጅ ላይ --አወርስ ("የኛ") ያንተ ነው፣ --ዜርስ ("የነሱ") የመጣው። ሪቤዝ ላይ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ጊት መጀመሪያ ሄዶ የጓደኛህ ስራ ላይ ይቆምና ያንተን ኮሚቶች አንድ ባንድ እያነሳ እላዩ ላይ ይደርባል፣ ለሱ "የኛ" ማለት የቆመበት ነው፣ "የነሱ" የሚለው ያንተን ነው። እኔ የሱን ያስቀደምኩ መስሎኝ በራሴ ፋይል ደፈጠጥኩት።

ሪቤዝ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ፑሽ ያላደረግከው ስራ ላይ ሎጉን ንፁህ ያደርገዋል። የኔ ጥያቄ ለምን ፑል እኔ ሳላይ ይወስናል የሚለው ነው። የጊት ሰዎችም ነገሩ ያሳሰባቸው ይመስለኛል፣ በ2020 የወጣው የጊት ቨርዥን 2.27 እንዴት ላዋህደው እንደምትፈልግ ምረጥ እያለ ማስጠንቀቅ ጀመረ፣ በ2021 በ2.33.1 ደሞ ሁለቱ ብራንቾች (ያንተና የሰርቨሩ የስራ መስመር) ተለያይተው ከሆነና ካልመረጥክ ጭራሽ እምቢ ይላል። ብዙ ሰው ታዲያ ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት ብቻ ከሚያቀርባቸው ሦስት ምርጫዎች የመጀመሪያውን ኮፒ ፔስት ያደርጋል።

እኔ አሁን ያስቀመጥኩት ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ፑል.ኤፍኤፍ ኦንሊ ነው። የኔ አዲስ ኮሚት ከሌለ ፑል ቀጥ ብሎ ወደፊት ይሄዳል፣ ሁለታችንም የሰራነው ካለ ይቆማል፣ ምንም አይነካም። ከዛ ውሳኔው የኔ ነው። ፌች.ፕሩንንም ትሩ አድርጌዋለሁ፣ ሪሞቱ (ሰርቨሩ) ላይ የተሰረዙ ብራንቾች እኔ ጋ ስማቸው እንዳይከማች።

ፌች ራሱ እኮ ለኛ ከተማ የተሰራ ነው የሚመስለኝ። እቃው መጋዘን ገባ እንጂ መደርደሪያ ላይ አልወጣም፣ የምትሰራበትን ፋይል አይነካውም። ኔትዎርክ ባለ ሰዓት ፌች ታደርጋለህ፣ ቢጠፋም ችግር የለም፣ ጊት ሎግ ሄድ..ኦሪጂን/ሜይን ብለህ ምን እንደመጣ ታያለህ፣ ልዩነቱን በዲፍ ታነባለህ፣ መርጁም ሪቤዙም ያለ ኢንተርኔት ይሰራል።

የቫቱን ኮድ ከጓደኛዬ ኮሚት አውጥቼ መልሼ አስገብቼዋለሁ፣ ታሪኩ ውስጥ ስለነበረ አልጠፋም። ዛሬ ጠዋት ፌች ሳደርግ ሦስት ኮሚት መጥቷል፣ አንዱ እኔ ልነካው ያሰብኩት ፋይል ላይ ነው። ኤዲተሩን ሳልከፍት ደወልኩለት።