ሁለተኛ ክረምቴ መሪ ላይ፦ መስታወቱ ለምን እንደሚልበው አሁን ገባኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ እኔም መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለተኛውን ክረምት መኪናዋን አንድ ጭረት ሳላስነካ ጨረስኩ። አምና ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጠንከር ሲል ዳር ይዤ እስኪያባራ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ፣ ዘንድሮ ከአያት ሜክሲኮ በየቀኑ ተመላልሻለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ማሰልጠኛ የገባሁት ጥር ላይ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ስለ ዝናብ የተማርኩት ቲዎሪ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። እውነተኛው ትምህርት የመጣው ሰኔ ላይ ነው። በጋውን ሙሉ አስፋልት ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ በመጀመሪያው ካፊያ ሲርስ እንደ ሳሙና ነው የሚያደርገው፣ ከባድ ዝናብ ጥሎ ካጠበው በኋላ እንደውም ይሻላል። እኔ ይሄን ያወቅኩት መገናኛ አካባቢ ፍሬን ይዤ መኪናዋ ዝም ብላ ስትንሸራተት ነው። ከዛ ወዲህ ርቀት እቆጥራለሁ፦ ፊቴ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ ጀምሬ እኔ እዛው እስክደርስ፣ ደረቅ ላይ ቢያንስ 2 ሰከንድ፣ እርጥብ ላይ 4። አዎ፣ ክፍተቱን ያየ ሚኒባስ ይገባበታል። ይግባ፣ እኔ እንደገና ወደ ኋላ እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መስታወቱ።

አምና ነሐሴ ላይ ከለቅሶ እናቴንና ሦስት ጎረቤቶቻችንን ይዤ ስመለስ ነው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የሁሉም ነጠላና ጋቢ በስብሷል፣ ብርድ ስለሆነ መስኮት ይከፈት የሚል የለም። ጉርድ ሾላ ሳንደርስ መስታወቱ ነጭ ሆነ። በእጄ ጠረግኩት፣ ባሰበት፣ የእጄ ቅባት ላይ የፊት ለፊት መኪኖች መብራት ተበታትኖ ምንም አይታየኝም። ጥቁር ጥላ የያዘ ሰው መንገዱ ውስጥ ገብቶ ኖሮ ያየሁት እናቴ "ሰው! ሰው!" ብላ ስትጮህ ነው። ቆምኩ፣ በእጅ ርዝመት ተረፈ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ለመነሳት ደቂቃዎች ፈጀብኝ።

ያኔ ሁሉም ሰው መፍትሔ ነገረኝ። ሶፍት፣ ጋዜጣ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በስሱ ቀብቶ መወልወል፣ ድንች ማሸት። ሳሙናው ላብ መያዙን ያዘገያል፣ እውነት ነው፣ ግን ማታ ብርሃን ሲመታው ያንጸባርቃል፣ እኔ አልወደድኩትም። ድንች ከውጪ በኩል ዋይፐር ሲበላሽ የሚያደርጉት ነገር ነው፣ ለውስጡ ላብ ምንም አይረዳም።

የረዳኝ ኤሲ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲ ለሙቀት ብቻ ይመስለናል፣ ለዛ ነው ብዙ አሮጌ መኪና ላይ ጋዙ አልቆ ዓመታት የሚቀመጠው። የእኔዋ ቪትዝ ላይ ጭራሽ የኮምፕረሰሩ (የኤሲውን ጋዝ የሚገፋው ክፍል) ቺንጋ ወልቆ ነበር፣ የቀድሞው ባለቤት ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ነው አሉ። ላሰራው ስሄድ መካኒኩ "በዚህ ብርድ ኤሲ ምን ይሰራልሻል?" ነው ያለኝ። ይሰራል! ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዘው ያደርቀዋል፣ እርጥበቱ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ውሃ ሆኖ ከመኪናው ስር ይንጠባጠባል። ያንን ደረቅ አየር ማሞቂያው ላይ አሳልፋችሁ ወደ መስታወቱ ስትነፉት ላቡን እያያችሁት ከታች ወደ ላይ ይለቃል። ኤሲና ማሞቂያ አንድ ላይ ይከፈታል፣ ይሄንን ማንም አልነገረኝም ነበር። ደግሞ መኪና ውስጥ የሚዞር ቀስት ያለባት ቁልፍ አለች አይደል፣ እሷ መጥፋት አለባት፣ ካልጠፋች የአምስት ሰው ትንፋሽ ነው መልሳችሁ የምትነፉት። አንድ ነገር ግን፣ ሞቃት አገር ላይ፣ አዋሳ እንበል፣ ከዝናብ በኋላ ብርዱን መስታወቱ ላይ ከለቀቃችሁት ከውጪ በኩል ሊልበው ይችላል። በዋይፐር ከሄደ የውጪ ነው፣ ሙቀቱን ጨምሩ።

ቺንጋ ገባ፣ ጋዝ ተሞላ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ዘንድሮ ሐምሌ መጣና ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ሰው ሳይገባ ሁሉም መስታወት ልቦት አገኘዋለሁ። ሁለት ሳምንት ተሰቃየሁ። ካቢን ፊልተሩን፣ ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን፣ አወጣሁት፣ ጠቁሮ የባህር ዛፍ ቅጠል ተጣብቆበታል፣ ቀየርኩት፣ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልጠፋም። አንድ ቅዳሜ ዕቃ ወድቆብኝ ጋቢና ወለል ላይ ስፈልግ ላስቲኩን አነሳሁ፣ ከስሩ ያለውን ምንጣፍ ስጫነው ውሃ በጣቶቼ መሃል ወጣ። እንደ ስፖንጅ! ለካ ዋይፐሩ ስር ያለው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ በቅጠል ተደፍኖ፣ የማቆምበት ዛፍ ነው ጥፋቱ፣ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳውን በሽቦ ከፈትኩ፣ ምንጣፉን አውጥቼ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር ሳሰጣ ሳነሳ ሳምንት ፈጀብኝ። ከዛ በኋላ ጠዋት መስታወቱ ንጹህ ነው። ስለዚህ መኪናችሁ በባዶው የሚልበው ከሆነ ከኤሲው በፊት ምንጣፉን ጫኑት፣ እባካችሁ።

ሌላው ጎማ ነው። ሊሾ ጎማ ክረምት ላይ አትንዱ፣ በዚህ ላይ አልከራከርም። ጥርሱ ውሃውን ካላስወጣው መኪናው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ መሪው በድንገት ይቀላችኋል፣ ያን ጊዜ ፍሬን መያዝ ሳይሆን እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳትና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። በጥርሶቹ መሃል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፣ ጥርሱ እነሱ ጋ ሲደርስ 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው። ይሄን እየጻፍኩ እኔ ራሴ አምና ሙሉውን ክረምት የኋላ ጎማዎቼ እዛው ደርሰው ነድቻለሁ፣ ገንዘብ አልነበረኝም፣ የቀየርኳቸው ግንቦት ላይ ነው። ትክክል አልነበረም።

ሀዛርድ (አራቱንም ፍሬቻ) አብርታችሁ በዝናብ የምትነዱም ተዉት፣ ፍሬቻ ስታሳዩ ከኋላ ያለው ሰው አይለየውም። የፊት መብራት በቂ ነው። የተኛ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጠርዙ ካልታየኝ አልገባም፣ ስሩ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ገብታችሁ ሞተር ከጠፋም አታስነሱ፣ ውሃ ስቦ ከሆነ ሞተሩ ይሰበራል።

ያልተፈታልኝ ማታው ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ የመንገዱ መስመር ጭራሽ ይጠፋብኛል፣ ከፊት ረጅም መብራት ሲመጣ ዓይኔን ወደ ቀኝ ጠርዝ አድርጌ ፍጥነት ከመቀነስ ሌላ ዘዴ የለኝም። ከባድ ዝናብ ካለ ማታ ቁልፉን እስካሁን ለወንድሜ ነው የምሰጠው። እናንተ ይሄን እንዴት ነው የለመዳችሁት?