የግቢዬ ሳይካስ ነገር

ዛሬ ኮምቦልቻ ግቢያችን ያለችውን ሳይካስ፣ ዘንባባ የምትመስለውን ተክል፣ ሳያት ሆዴ ባባ። አዲስ ያወጣችው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጫፉ እሳት እንደነካው ፀጉር ተኮማትሯል። እኔ ደግሞ ውሃ አንሷት ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳጠጣት ከርሜያለሁ! ችግኝ የሚሸጡት ሐጂ አይተው ሳቁ። "ልጄ፣ ጥማት አይደለም፣ የማንጋኒዝ ማዕድን እጥረት ነው፤ አሮጌው ቅጠል ቢሆን ቢጫ የሆነው ማግኒዚየም ነበር የምልህ" አሉኝ። ለካ አፈሩ ኖራ ሲበዛበት ማንጋኒዙ እያለም ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። ማንጋኒዝ ሰልፌት የሚባለውን ማዳበሪያ ሥሯ ዙሪያ በትነን ውሃ አጠጣንባት። (ዘንባባ እንላታለን እንጂ የዘንባባ ዘር አይደለችም፤ ፍሬዋ ደግሞ መርዝ ነው፣ ውሻ ያላችሁ ተጠንቀቁ።) የተበላሸው ቅጠል አይመለስም፣ ቀጣዩን መጠበቅ ነው፤ እሷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምታወጣው በዓመት አንዴ ነው፣ እስቲ አብሽሪ በሏት!