ለዒድ መሪን እንኳን አደረስዎ ማለት

በባሕረ ሰላጤው አገራት ለተመደበ አምባሳደር የዒድ መልካም ምኞት ዋናው ጣጣ ማዕረጉ ላይ ነው። የኦማኑ ሱልጣን «ግርማዊ» ሲባሉ የኩዌቱ አሚርና የኤምሬትሱ ፕሬዚዳንት «ልዑል» ናቸው። የባሕሬን ገዢ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ ንጉሥ ስለሆኑ፣ ከድሮ ፋይል ገልብጦ «አሚር» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል። የሳዑዲው ንጉሥ ደግሞ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠሪያቸው «የሁለቱ ቅዱሳን መስጊዶች አገልጋይ» ነው፤ ይህን መዝለል ስም ከመሳት አይተናነስም።

ከአገር ቤት የመጣ የመሪ ደብዳቤ በኖት ቨርባል (ኤምባሲው ለሚኒስቴሩ በሚጽፈው መደበኛ የዲፕሎማሲ ማስታወሻ) ተሸኝቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በኩል ያልፋል እንጂ በቀጥታ ቤተ መንግሥት አይላክም። ዒድ አል ፈጥር የሚወሰነው ጨረቃ ስትታይ ነውና ረቂቁን ቀድመው ይጨርሱ፣ ቀኑን ብቻ ክፍት ይተዉት። ኦማንና ሳዑዲ በአንድ ቀን የሚለያዩበት ዓመት ስላለ የጎረቤት አገር ማስታወቂያ አይበቃም።

የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ካለ የአምባሳደሮች ተራ በአገር ትልቅነት አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. በወጣው የዲፕሎማሲ ግንኙነት የቪየና ስምምነት መሠረት ሥራ በጀመሩበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ተራዎ ሲደርስ «ዒድ ሙባረክ»፣ የመሪዎ ሰላምታ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ማለፍ። እዚያው ቆሞ የቪዛና የሠራተኞች ጉዳይ የሚያነሳ አይጠፋም (ከኋላው ሰልፉ ተገትሮ!)። የፕሮቶኮል ሹሙ ፈገግ ብሎ ክንዱን ይዞ ያሳልፈዋል፤ ጉዳዩም እዚያው ይቀራል።