መሪ ብቻ የሞላበት ክፍል

የ1 ለ 5 ቅጽ፣ አንድ ጎበዝ ጓደኞቹን እየመራ የሚያጠናበት ቡድን መመዝገቢያ፣ ከየክፍሉ ሲሰበሰብ የ9ኛ ሀ ብቻ ጉድ ሆኖ መጣ። የክፍል ኃላፊው "መሪ" በሚለው ዓምድ ስር የ45ቱንም ተማሪዎች ስም ደርድሮ "አባላት" የሚለውን ባዶውን ትቶታል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቀልድ መስሎት ሊቆጣ ሲል ኃላፊው "ግባና ጠይቃቸው" አለው። ገብቶ ጠየቀ። ሁሉም በመጡበት ትምህርት ቤት መሪ ነበሩ። በቀሩት ስምንት ክፍሎች ደግሞ አባላት ሞልተው ሂሳብ የሚያስረዳ ጠፋ።

9ኛ ሀ "ልዩ ክፍል" የተባለው በዚያው መስከረም ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። በዚያ ሰሞን ስማቸው በበጎ የሚነሳው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩና፣ ድሬዳዋ ያለው የኛ ተራ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ጎበዞቹን ለመነጠል ተነሳ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በንጉሡ ዘመን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ እየለቀመ 12ኛን ያስተምር ነበር። ልዩነቱ አዳሪ ቤት ልጁ ይበላል፣ ማታ መብራትና መጽሐፍ አለው፣ መምህሩም እዚያው ግቢ ነው። እኛ የቀዳነው መልቀሙን ብቻ ነው። የኛ 9ኛ ሀ ከቀኑ 6:30 ሲሆን እንደማንኛውም ክፍል ይበተናል፤ ከፊሉ ከምሳ በኋላ ታይዋን ገበያ ሱቅ ይጠብቃል።

መልቀሙም ቢሆን በቅጡ አልተሠራም። 412 ተማሪዎች በ90 ደቂቃ 60 የምርጫ ጥያቄ ተፈተኑ። 41ዱ ከ57 በላይ አመጡ፣ 11ዱ ልክ 57 ላይ ቆሙ፣ የቀረው ወንበር ግን አራት ነው። የሂሳብ ክፍሉ ወረቀቶቹን መልሶ ጥያቄ በጥያቄ ቆጠራቸው። 44ቱን ጥያቄዎች ከላይኞቹ 100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት መልሰዋቸዋል። እነዚያ ጥያቄዎች ጎበዙን ከጎበዝ አልለዩም ማለት ነው። የለዩት 16 ናቸው፤ ከ16ቱ 9ኙ ደግሞ አራት መስመር የሚሄድ እንግሊዝኛ ያለባቸው። አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ ለተማረ ልጅ የሂሳብ ፈተና ሳይሆን የንባብ ፈተና ነበር።

የ57ቱን እኩያነት በ8ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ፈታነው፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት 95 ሲበትን ሌላው 80 ለመስጠት እጁ ይንቀጠቀጣል። ቢያንስ ሁሉም የተፈተነውን የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤት መያዝ፣ አለዚያም ልጁ በራሱ ትምህርት ቤት ስንተኛ እንደሆነ ማየት ይሻል ነበር። ሂሳብ ክፍሉ 25 ጥያቄ ከ10ኛ ክፍል ደረጃ፣ በልጆቹ ቋንቋ ጭምር ተዘጋጅቶ፣ አሠራሩን እያሳዩ በሁለት ሰዓት ይሥሩ ብሎ ነበር። ከክፍል በላይ በሆነ ፈተና መለየት የታወቀ መንገድ ነው፤ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1971 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ጥናት ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጆች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይሰጡ ነበር። የተሰጠው መልስ "ወላጅ ልጅህ ከ25 11 አመጣ ሲባል ይደነግጣል" የሚል ነው።

ወላጅስ ደነገጠ፤ ግን በጥር፣ በካርድ። በ57 ከገቡት ከአራቱ አንዷ የገንደ ቆሬ ባለባጃጅ ልጅ ናት። አባትየው ካርዱን ይዞ ቢሮ ገባ። ድሬ ላይ አንቱታ ስለሌለ በቀጥታ ጀመረ።

"ልጄን ምን አደረጋችኋት አንተ?"

"ልዩ ክፍል ነው ያለችው።"

"ስምንት ዓመት አንደኛ ወጥታ አሁን 38ኛ?"

"አማካይዋ እኮ 81 ነው። የሌሎቹ ክፍሎች አንደኞች አንዳቸውም 80 አልደረሱም።"

"ታዲያ እሱን ካርዱ ላይ ጻፉዋ!"

ርዕሰ መምህሩ ካርዱን አገላበጠው። ለደረጃ የተተወው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የሚሞላውም የክፍሉ ነው፦ 38/45። እዚያው የነበረው የሂሳብ መምህር እስክሪብቶ አውጥቶ በጣቱ አሰላ። ከሀ በታች ያለው ሁሉ ከ80 ካነሰ ልጅቷ ከጠቅላላው 9ኛም 38ኛ ናት። ቁጥሩ ያው ነው፣ የሚለወጠው ስሩ ያለው 45 ብቻ። "412 ብለን እንጻፍበት" አለ። ርዕሰ መምህሩ ካርዱን ወደ ራሱ ሳበው። በእጅ የተነካካ ካርድ ማኅተም አይመታበትም።

"አቦ!" አለ አባት። "እሷ የምታምነው ካርዱን ነው። ጎረቤትም የሚያየው ካርዱን ነው። ቤት ታናናሾቿን ታስጠና ነበር፣ አሁን 'አልችልም' ትለኛለች። ወደ መ ክፍል አዙሩልኝ።"

ከሀ በፈቃዱ የወጣ ታይቶ ስለማይታወቅ ቅጽ እንኳ አልነበረውም፤ የመልቀቂያውን ቅጽ ሰርዘን ደልዘን ተጠቀምንበት።

በ9ኛ መ የልጅቷ ቡድን በሁለት ሳምንት ነፍስ ዘራ፤ አምስቱም የቤት ሥራ ይዘው ይመጡ ጀመር። በግንቦት የመጣው ሱፐርቫይዘር 9ኛ መን "ሞዴል የ1 ለ 5 ክፍል" ብሎ መዘገበ፣ ከልዩ ክፍሉ ስኬቶችም ጋር ደረበው። ያልተመዘገበው ግን፣ ሀ የሂሳቡን መጽሐፍ ሲጨርስ መ ሁለት ምዕራፍ እንደቀረው ነው። ልጅቷ እነዚያን ምዕራፎች በክረምት ለብቻዋ መሥራት አለባት፤ ለአባቷ ይህን የነገረው የለም።

በሀ የተለቀቀው ወንበር ወሬው እንደተሰማ በ57 የቀሩት የሰባቱም ልጆች ወላጆች አመለከቱ። ኮሚቴው ትራንስክሪፕቱን እንደገና ሊዘረጋ ሲል ሂሳብ መምህሩ በቦስተንና በኒውዮርክ መራጭ ትምህርት ቤቶች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አነሳ፦ ከመቁረጫ ነጥቡ ለጥቂት ያለፉትና ለጥቂት የወደቁት በኋላ በፈተና ውጤት ብዙም አልተለያዩም። "ስለዚህ ዕጣ እናውጣ" አለ። ሰባት ብጣሽ ወረቀት በጠመኔ ካርቶን ውስጥ ገባ፤ የጥበቃው ሰውዬ አወጡት። ከዚያ ዓመት ምርጫ ሁሉ ቅሬታ ያልቀረበበት ይሄ ብቻ ነው።