ጳጉሜን የረሳው ኮድ

ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ጠፍቶ ግማሹን መንገድ በእግሬ አስነካሁት። የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስደርስ ቡድኑ ቆሞ የዕለቱን ስብሰባ ጀምሯል። ተራዬ ሲደርስ ደረቴን ነፍቼ «የልደት ቀን መሙያውን ጨርሻለሁ» አልኩ። ተለማማጅ አይደለሁ፣ ጨረስኩ ማለት ደስ ይለኛል።

ከቡና በኋላ የምታሠለጥነኝ ልጅ ኮዴን ከፈተች። ምንም ሳትናገር ወሩ ላይ 13፣ ቀኑ ላይ 3 ጻፈች። ስክሪኑ ላይ በቀይ «የተሳሳተ ወር» የሚል ብቅ አለ።

«አንተ፣ ጳጉሜን የተወለደ ሰው የት ይግባ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወሩን ከ1 እስከ 12 ብዬ ዘግቼዋለሁ! ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን እንዳለ ገልብጬ ነዋ። በሩፋኤል ዝናብ ራቁቱን ሲቦርቅ ያደገ የጎጃም ልጅ እንዲህ ያደርጋል?

12ቱን 13 ማድረግ ቀላል ነው። ጉዱ ቀኑ ላይ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ ግን 6 ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ስድስተኛዋ ቀን አለች ማለት ነው፤ 2015 እንደዚያ ነበር። ይህንን ጽፌ ልሞክረው ስል መብራት ሄደ። ኮምፒውተሬ ጸጥ። ሴቭ? የለም።

መብራቱ ሲመጣ እንደገና ጻፍኩት፤ እንዲያውም አጠረ። አመሻሽ 11 ተኩል ላይ ተቀበለችው። ከሥሩ ያሰፈረችው አስተያየት አንድ መስመር ነው፦ «እንኳን ለጳጉሜን አደረሰህ።»